«ወራጅ አለ» የሚለው ካሜራ፦ ስለ ሲግሞይዶስኮፒ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 41 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ የሚኒባስ ሹፌር ነኝ። ከዓመት በላይ ሆነኝ፣ ሽንት ቤት ስቀመጥ አልፎ አልፎ ደም አያለሁ። ቀይ ነው፣ ብዙም አያመኝም። ኪንታሮት ነው ብዬ ትቼው ነበር። ሰሞኑን ሲበዛብኝ ሐኪም ጋ ሄድኩ፣ ሲግሞይዶስኮፒ የሚባል ምርመራ አዘዘልኝ። ዋሽንግተን ያለችው እህቴ ደግሞ ‹እዚህ 45 ዓመት የሞላው ሁሉ የሚታየው በኮሎኖስኮፒ ነው፣ አንተን ለምን ግማሹን ያዩሃል?› አለችኝ። ጓደኞቼ ያማል፣ አንጀት ይበሳል ይላሉ። እውነቱን ለመናገር አፍሬም ነው። ምን ይሻለኛል? አባቴ በ52 ዓመቱ በሆድ ሕመም ነው ያረፈው፣ ይገናኝ ይሆን?»

ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቅክ። ግን የጥያቄህን ዋና ነገር መጨረሻ ላይ ጣል አድርገኸው ነው የሄድከው። አባትህን ማለቴ ነው። እሱ ጋ እመለሳለሁ፤ መልሴን በሙሉ ሊገለብጠው ይችላልና። መጀመሪያ ምርመራው ምን እንደሆነ እንግባባ፤ ትልቁን አንጀት ከውስጥ በካሜራ ማየት ነው።

ትልቁ አንጀት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ከሆድህ በቀኝ በኩል ከታች፣ ትርፍ አንጀት ካለበት ቦታ ይነሳል። ሽቅብ ወደ ጉበት ይወጣል፣ ሆድህን አቋርጦ ወደ ግራ ይሻገራል፣ ጣፊያ ጋ ሲደርስ ታጥፎ በግራ ጎንህ ቁልቁል ይወርዳል። ታች ሲደርስ ይጠማዘዛል። ሲግሞይድ የሚባለው ይህ ጠመዝማዛ ነው፣ ስሙም ሲግማ ከሚባለው የግሪክ ፊደል የመጣ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ሬክተም አለ፣ ከዚያ መውጫው።

ካሜራው የሚገባው በመውጫው በኩል ስለሆነ መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው። በታክሲ ላስረዳህ። ትልቁን አንጀት በሙሉ የሚያየው ኮሎኖስኮፒ ከፒያሳ ተነስቶ ቃሊቲ ድረስ የሚሄድ ተሳፋሪ ነው። ሲግሞይዶስኮፒ ግን ስታዲየም ሲደርስ «ወራጅ አለ» ይላል። ከመውጫው 60 ሴንቲሜትር ያህል፣ ቢበዛ ጣፊያ ጋ እስካለው መታጠፊያ ይሄድና ይመለሳል። ሳሪስ ላይ ምን እንዳለ አላየም። አለማየቱ ጥፋት አይደለም፣ ሒሳብ የከፈለው እስከዚያ ነው። ጥፋት የሚሆነው ስታዲየም ወርዶ ሲያበቃ «እስከ ቃሊቲ ድረስ መንገዱ ሰላም ነው» ተብሎ ሲወራ ነው።

ይህን የምልህ ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ታካሚ ነበረኝ። ፊቱ ገርጥቶ፣ አንድ ፎቅ ደረጃ ወጥቶ እያለከለከ ገባ። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሂሞግሎቢኑ ወደ 7 ወርዶ ነበር። «አንጀቴን ግን ካሜራ ታይቼ ንጹህ ነኝ» አለኝና ከኮቱ የውስጥ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። እውነትም ወረቀቱ ላይ ችግር አልታየም ይላል። ከሥሩ ግን በትንሽ ጽሑፍ «እስከ 35 ሴ.ሜ፤ ሰገራ ስላለ ከዚያ በላይ ማየት አልተቻለም» የሚል መስመር ነበር። ያንን መስመር ማንም አላነበበለትም። ሙሉውን ስናየው ችግሩ ቀኝ በኩል፣ አንጀቱ ከሚነሳበት አጠገብ ቁጭ ብሏል። ካሜራው አልዋሸም። ያየው ሁሉ በእርግጥ ንጹህ ነበር። ስለዚህ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘህ የምትሄድ ከሆነ ይህችን ጥያቄ ያዝ፦ «እስከ የት ድረስ ነው የታየው?»

አሁን ወደ እህትህ ልምጣ።

ሐኪምህ ዝም ብሎ አላዘዘም። ቀይ ደም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከቅርብ ነው፤ ከፊንጢጣ፣ ከሬክተም ወይም ከሲግሞይድ። ከሩቅ የመጣ ደም መንገድ ላይ ይጠቁራል፣ ከሰገራው ጋር ይደባለቃል፣ አንዳንዴ በዓይን ጭራሽ አይታይም። ለቅርቡ ደም ቅርቡን ማየት ልክ ነው። ዝግጅቱ ቀላል ነው፣ አብዛኛው ሰው ማደንዘዣ አያስፈልገውም፣ ብዙ ጊዜ ከ20 ደቂቃ በታች ያልቃል።

እህትህም አልተሳሳተችም። አሜሪካ ውስጥ ምርመራው የሚጀመርበት ዕድሜ በ2021 እ.ኤ.አ. ከ50 ወደ 45 ዝቅ ብሏል። ግን እሷ የምትለው ምንም የማያመው ጤነኛ ሰው በዕድሜው ብቻ ተጠርቶ የሚደረግለትን ቅድመ ምርመራ ነው። አንተ ደም እያየህ ነው፣ ያንተ ጉዳይ ሌላ ነው፣ 45 እስኪሞላህ የምትጠብቅበት ምክንያት የለም። ደግሞ እዚያም ቢሆን ሁሉም ኮሎኖስኮፒ አይደረግም። በየዓመቱ ቤት ውስጥ ሰገራ ወስዶ የተደበቀ ደም የሚፈልግ ምርመራም ይቆጠራል፣ ይሄው ሲግሞይዶስኮፒም ከአማራጮቹ አንዱ ነው።

ግማሽ ነው ተብሎ የሚናቅም አይደለም። ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንግሊዞች ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 64 የሆነ 170,000 ያህል ሰዎችን ይዘው ሞከሩት። ከመካከላቸው የተመረጡት በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ብቻ በዚህ ካሜራ እንዲታዩ ተጋበዙ። ውጤቱ በ2010 ሲወጣ በተጋበዙት ላይ የትልቁ አንጀት ካንሰር በ23 በመቶ፣ በበሽታው መሞት ደግሞ በ31 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። አንድ ቀን፣ ጥቂት ደቂቃ፣ አንድ ጊዜ! እንግሊዝ በ2013 55 ዓመት የሞላቸውን ሰዎች እየጠራች በዚህ ካሜራ ማየት ጀምራ ነበር። በኋላ ግን ቤት ውስጥ በሚወሰደው የሰገራ ምርመራ ተካችው። አጭሩን ካሜራ የሚጠሉት ሰዎች ይህን ታሪክ አያውቁትም።

ጥቅሙ ከየት መጣ? ከፖሊፕ። ፖሊፕ የአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል ትንሽ ሥጋ ነው፤ አንዳንዱ እንደ እንጉዳይ ግንድ አለው፣ አንዳንዱ ልጥፍ ያለ ነው። አብዛኛው ምንም አይሆንም። አዴኖማ የሚባለው ዓይነት ግን በዓመታት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ አሥር ዓመት ገደማ ወስዶ ወደ ካንሰር ሊቀየር ይችላል። ቀድመህ ካነሳኸው ታሪኩ እዚያው ያበቃል።

ኪንታሮት ብለህ የተውከውን ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ኪንታሮት ሊሆን ይችላል፣ ዕድሉም ሰፊ ነው። ቀኑን ሙሉ መቀመጥ፣ ውሃ አለመጠጣት፣ ሽንት ቤት ሲመጣ «ተራዬ ነው» ብሎ መያዝ፣ አንዳንዱም ላይ ጫቱ፤ የሹፌር ኑሮ ለኪንታሮት የተመቸ ነው። የኪንታሮት ደም ሰገራው ከወጣ በኋላ ጠብ ጠብ ይላል፣ ብዙ ጊዜ አያምም። ፊንጢጣ ላይ መሰንጠቅ ሲሆን ግን ምላጭ የነካህ ያህል ያቃጥላል። ሆኖም በደሙ ቀለም ብቻ ማንም ሊምል አይችልም፣ እኔም አልምልም። ኪንታሮት ያለበት ሰው ሌላ ነገርም ሊኖርበት ይችላል፤ አንዱ መኖሩ ሌላውን አያስቀርም። በሌላ በኩል «አሜባ ነው» ተብሎ ያለ ምርመራ በየሁለት ወሩ ሜትሮኒዳዞል የሚውጠው ሕዝብ ብዛቱ! አሜባ ደም ያለበት ተቅማጥ ያመጣል፣ እውነት ነው። ዓመት ሙሉ ከተቅማጥ ውጭ ደም የሚያሳይህ ግን በየፋርማሲው የሚሸጥ ኪኒን የሚፈታው ነገር አይደለም። የባህል መድኃኒት ፊንጢጣ ላይ የሚቀቡትን ባላይ ደስ ይለኛል። የሚያቃጥል ነገር ተቀብተው መውጫው ጠባሳ ሠርቶ ጠብቦባቸው የመጡ ሰዎች ገጥመውኛል፣ እነሱን ማከም ከኪንታሮቱ ይከብዳል።

ወደ ክፍሉ እንግባ።

ልብስህን ከወገብ በታች ታወልቃለህ፣ ከኋላው የሚከፈት ጋውን ይሰጥሃል፣ ከላይ አንሶላ ይደረብልሃል። በግራ ጎንህ ትተኛለህ፣ ጉልበትህን ወደ ደረትህ ታጥፋለህ። ሐኪሙ መጀመሪያ ጓንት ባጠለቀ ጣት፣ በሚያንሸራትት ጄል ይመረምርሃል። ይህችን ክፍል ብዙ ሰው ይጠላታል፣ ግን ብዙ ነገር የምትገኘው በእሷ ነው፤ ካሜራው ፊንጢጣው አፍ ላይ ያለውን ነገር አልፎት ሊሄድ ይችላል፣ ጣት አያልፈውም። ከዚያ ቱቦው ይገባል። ከጣትህ ብዙ አይወፍርም፣ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ አለው፣ እንደ ዝሆን ኩምቢ ወደፈለገበት ይዞራል።

ስክሪኑን ማየት ከፈለግህ እይ። ጤነኛ አንጀት ያምራል ብልህ ትስቃለህ፣ ግን ያምራል። ልክ የከንፈርህ ውስጠኛ ክፍል ይመስላል፤ ሮዝ፣ እርጥብ፣ የሚያበራ፣ ከሥሩ ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደ ቅርንጫፍ ተዘርግተው ይታያሉ። አንጀቱ ተጨማዶ ስለሚኖር ለማየት አየር ይነፋበታል። አሁን ነው የማይመቸው። ሆድህ ይነፋል፣ ሽንት ቤት አሁኑኑ ሂድ ሂድ ይልሃል። አትደንግጥ፣ አንጀትህ ባዶ ነው፣ የሚሰማህ አየሩ ነው። አየሩ ሲወጣ ድምፅ ያሰማል። እኛ እዚያ ክፍል ውስጥ የምንሠራ ሰዎች ያንን ድምፅ እንደ መኪና ጥሩምባ ነው የምንሰማው፣ ዞር ብለንም አናይ። አፍነህ ከያዝከው የሚያምህ አንተን ነው።

ያማል ወይ ላልከው፦ ጠመዝማዛው ላይ ሲደርስ ቁርጠት አለ። የአንዳንዱ ሰው ሲግሞይድ ረጅምና የላላ ነው፣ ቱቦው ሲያልፍ ይወጥረዋል። ያኔ «ዶክተር ቆይ» በል። ይቆማል፣ አየር ይቀንሳል፣ ትንሽ ወደኋላ ስቦ ያስተካክለዋል። በአፍህ ቀስ ብለህ ተንፍስ። ለምርመራ ከግድግዳው ትንሽ ሥጋ ተቆንጥሮ ናሙና ሲወሰድ ግን ምንም አይሰማህም። ሰው አያምነኝም፣ ግን የአንጀት ውስጠኛው ግድግዳ መቆረጥ አይሰማውም፤ የሚሰማው መወጠር ነው።

ስለ ጠመዝማዛው ካነሳሁ አይቀር፣ አገራችን ውስጥ ይህ ሲግሞይድ ሌላም ታሪክ አለው። በራሱ ላይ ተጠምዝዞ ይቋጠራል፣ አንጀት ከሚዘጋባቸው የተለመዱ ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው። ተማሪ ሳለሁ መጀመሪያ ያየሁት የሲግሞይድ ካሜራ እንደዛሬው ተጣጣፊ አልነበረም፤ ቀጥ ያለ የብረት ቱቦ ነው። ሌሊት ላይ ሆዱ እንደ ከበሮ የተነፋ ገበሬ መጣ። ሰገራም አየርም ካለፈው ሁለት ቀን ሆኖታል። ሲኒየሩ ሐኪም በቱቦው ውስጥ የጎማ ቱቦ አሳልፎ ቋጠሮውን ሲያልፈው የወጣውን ነፋስና ፈሳሽ ልነግርህ አልችልም። «ዞር በል» ብሎኝ ነበር፣ አልሰማሁትም፣ ጫማዬን ጣልኩት። ሰውየው ግን አልጋው ላይ እንዳለ ሆዱ ሟሸሸ፣ «ተመስገን» ብሎ እንቅልፍ ወሰደው። አንጀቱ ተመልሶ እንዳይቋጠር ቀዶ ጥገናው ኋላ ይከተላል፣ ያን ሌሊት ያተረፈው ግን ያ ቱቦ ነው። ጓደኞችህ የሚፈሩት መሣሪያ ዘመድ ነው ይሄ።

ይበሳል ወይ? ሊሆን ይችላል፣ አልዋሽህም። ግን በሲግሞይዶስኮፒ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ነው፣ ከአሥር ሺህ ሰው አንድ አይሞላም። በኮሎኖስኮፒ ይህ ከፍ ይላል፣ እሱም ቢሆን ከሺህ አንድ በታች ነው። ከምርመራው በኋላ ሆድህ እንደ ጣውላ ከደደረ፣ እያደር የሚብስ ሕመም ከያዘህ፣ ካተኮሰህ ወይም ደሙ ከማንኪያ አልፎ በብዛት ከፈሰሰህ እስኪነጋ አትጠብቅ፤ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። ትንሽ መነፋትና፣ ናሙና ከተወሰደ ደግሞ ጠብታ ደም፣ የሚጠበቅ ነው።

ስለ ማፈርህ ደግሞ። ለመጻፍ ከብዶህ እንጂ ምን ማለት እንደፈለግህ ይገባኛል፣ ብዙ ወንዶች በር ዘግተው በሹክሹክታ ይጠይቁኛል። ወንድነትን የሚነካ ምንም ነገር የለውም። ሴት ነርስ እንዳትገባ፣ ወይም ለሴት ታካሚ ወንድ እንዳይገባ መጠየቅ ይቻላል፤ ሁልጊዜ ባይሳካም ነውር አይደለም።

አሁን አባትህ።

«በሆድ ሕመም ነው ያረፈው» አልክ። ይህ አነጋገር በየቤቱ አለ። አንዳንዱ የጨጓራ ቁስለት ማለቱ ነው፣ አንዳንዱ ጉበት፣ አንዳንዱ የተቋጠረ አንጀት፣ አንዳንዱ ደግሞ ስሙን መጥራት ስላስፈራ የተሸፈነ ካንሰር። በልጅነትህ አልተነገረህ ይሆናል። አሁን ግን እናትህን ወይም የአባትህን ወንድሞች ጠይቅ። ምን ብለህ ትጠይቃለህ? «ካንሰር ነበር?» ብለህ አትጀምር፣ «ኧረ እግዜር ይጠብቅ» ብለው ይዘጉብሃል። ይልቅ ሆዱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ነበር ወይ፣ ሰገራ በሆዱ በኩል ወደ ከረጢት ይወጣ ነበር ወይ፣ ደም ይወጣው ነበር ወይ፣ ከስቶ ነበር ወይ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነበር ወይ በል። የት ሆስፒታል እንደተኛም ጠይቅ። ወረቀት ከተገኘ፣ ቢያረጅም ይዘኸው ሂድ፤ እኛ አገር የድሮ የሕክምና ወረቀት ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ነው የሚቀመጠው፣ አይጣልም።

ለምን ይህን ያህል አጠብቃለሁ? አባት፣ እናት፣ ወንድም ወይም እህት ከ60 ዓመት በፊት የትልቁ አንጀት ካንሰር የተገኘበት ሰው ምክሩ ይለወጣል። 40 ዓመት ሲሞላው፣ ወይም ዘመዱ ሲታወቅበት ከነበረው ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ፣ ከሁለቱ የሚቀድመው ላይ ሙሉውን ኮሎኖስኮፒ መደረግ ይጀምራል፣ ከዚያም በየ5 ዓመቱ። አንተ 41 ነህ። አባትህ በአንጀት ካንሰር ከሆነ ያረፈው ጊዜህ ደርሷል፣ ስታዲየም መውረድ አይበቃህም። እህትህም እንደዚሁ፤ ለሷም ንገራት፣ እዚያ ሆና ለሐኪሟ ትናገር። ለሐኪምህ ይህንን አልነገርከው ከሆነ የምርመራው ቀን ከመድረሱ በፊት ደውልለት ወይም ብቅ በል። ትእዛዙን ይቀይረው ይሆናል።

አንድ ሌላ ነገርም ጠይቀው፣ የደም ማነስ አለብኝ ወይ ብለህ። የደም ቆጠራ ርካሽ ምርመራ ነው። ወንድ ሰው ብረት አንሶት ደሙ ሲወርድ «ምግብ አስተካክል» ተብሎ የሚሸኝበት ነገር አይደለም። የሰገራ ምርመራ ይታያል፣ የመንጠቆ ትል የሚባለው የአንጀት ትልም ደም ይመጥጣልና። እሱ ካልሆነ ከላይም ከታችም በካሜራ ማየት ይመጣል።

ዘመዶችህ ሌላ ሕመም እንደነበር ካረጋገጡልህ፣ ደምህም ደህና ከሆነ፣ የታዘዘልህን ሲግሞይዶስኮፒ ያለ ጭቅጭቅ ተደረግ። ጥሩ ጅምር ነው።

ዝግጅቱን በደንብ አንብብ፣ ምርመራው የሚበላሸው እዚህ ነው። ለአጭሩ ካሜራ ብዙ ጊዜ የሚበቃው ኢኔማ ነው፤ በፊንጢጣ የሚገባ ፈሳሽ፣ አንድ ወይም ሁለት፣ ከምርመራው አንድ ሁለት ሰዓት በፊት። በግራ ጎንህ ተኝተህ ታስገባለህ፣ እስከቻልክ ጥቂት ደቂቃ ትይዘዋለህ። ሰው የሚሳሳተው ገና እንደገባ ሮጦ በመሄድ ነው፤ ያኔ ፈሳሹ ብቻውን ይወጣል፣ ሰገራው ይቀራል። ለሙሉው ከሆነ ግን የሚያስቀምጥ መድኃኒት በብዙ ውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል፣ እንደ ዓይነቱ ከ2 እስከ 4 ሊትር፣ ግማሹ ማታ፣ ግማሹ ጠዋት። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ ነበር፣ አንተ አንድ ቀን ያቅትሃል? መጨረሻ ላይ የሚወጣህ እንደ ሽንት ጥርት ያለ ቢጫ ውሃ ከሆነ ዝግጁ ነህ። ቡናማና የደፈረሰ ከሆነ አይደለህም። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆንክ ከቀኑ በፊት ጄሪካን ሙላ። ቫዝሊንም ግዛ፣ በኋላ ታመሰግነኛለህ።

ምግቡን በተመለከተ ሐኪምህ ያዘዘህን ተከተል፣ በተለይ ለሙሉው ሁለት ሦስት ቀን ቀድመህ ገለባ የበዛበትን ነገር ቀንስ። እዚህ ላይ የኛ ገበታ ችግር አለበት። ጤፍ ከነገለባው ነው የሚፈጨው። ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ጎመኑም፣ ቆሎውም አንጀት ውስጥ ቅሪት ይተዋል። ቀን የምታስይዝ ከሆነ ከጾም ወቅት ውጭ ብታደርገው ይቀልሃል፣ ካልሆነም የንስሐ አባትህን አማክር። ሩዝ፣ ፉርኖ ዳቦ፣ ማካሮኒ፣ የተላጠ ድንች ይሻላል፣ ለጾመኛም ይሆናል። ተልባ ግን በፍጹም! ለሆድ ድርቀት ብለው ጠዋት ጠዋት የሚጠጡ አሉ፣ ደግ ነገር ነው፣ ግን ፍሬው አንጀት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይጠብቀናል፣ የካሜራውንም መምጠጫ ይደፍናል። ሰሊጥም ያው ነው። ቀይ ሥርና ቀይ ቀለም ያለው ለስላሳ ተው፣ ደም ይመስላል። ቡናህን አልከለክልህም፣ ያለ ወተት ነው።

መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ቀድመህ ተናገር። ብረት ያለበት ኪኒን ከሳምንት በፊት ይቆማል፣ ሰገራውን አጥቁሮ ያጣብቀዋል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ግን በራሱ ፈቃድ እንዳያቆም፤ ያዘዘው ሐኪም ይወስን። የስኳር ሕመምተኛ የጠዋት ቀጠሮ ይጠይቅ።

ፖሊፕ ቢገኝብህ እዚያው ይወጣል ወይ ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። ትንንሹ ብዙ ጊዜ እዚያው ይነቀላል። ትልቁ በሽቦ ቀለበት ታንቆ በኤሌክትሪክ ነው የሚቆረጠው፣ በኢኔማ ብቻ በተጸዳ አንጀት ደግሞ ኤሌክትሪክ አንጠቀምም። ምክንያቱ ያስገርምሃል፤ አንጀት ውስጥ የሚቀጣጠል ጋዝ አለ፣ ሃይድሮጅንና ሜቴን። ሙሉ በሙሉ ሳይጸዳ ብልጭታ ከገባ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ «አይተንሃል፣ ለማውጣት ግን ሌላ ቀን ና» ቢሉህ ገንዘብህን ለመብላት አይደለም። አዴኖማ ከተገኘም ለማንኛውም ሙሉውን እንድትታይ ትጠራለህ፤ ታች አንድ ያበቀለ አንጀት ከላይ በኩልም አብቅሎ ሊሆን ይችላል።

ወረቀቱ ሲሰጥህ እዚያው በሩ ላይ ቁመህ አንብበው። መጀመሪያ እስከ ስንት ሴንቲሜትር እንደሄደ ፈልግ። ቀጥሎ ጽዳቱ ጥሩ ነበር ወይ የሚለውን። ፕሮክታይቲስ ካለ ሬክተሙ ተቆጥቷል ማለት ነው፣ ኮላይቲስ ካለ ትልቁ አንጀት። ይህ ከአሜባም፣ ከአንጀት ቲቢም፣ አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ከሚባለው የቆየ ሕመምም ሊመጣ ይችላል፣ በዓይን ብቻ ስለማይለይ ናሙና ይወሰዳል። ሃይፐርፕላስቲክ የሚል ትንሽ ፖሊፕ ሬክተም ላይ ከተገኘ ተረጋግተህ ተኛ። የናሙናው ውጤት በማይክሮስኮፕ ከሚታይበት ክፍል፣ ከፓቶሎጂ፣ እስኪመጣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ስልክህን ትተህላቸው አትቀመጥ፣ ራስህ ሄደህ ጠይቅ። ተወስዶ ማንም ያልጠየቀው ናሙና በየመሳቢያው አለ። ንጹህ ሆኖ፣ ኪንታሮትህም ታክሞ፣ ደሙ ካልቆመ ደግሞ «ታይቻለሁ» ብለህ አትቀመጥ፤ ተመለስና ቀሪውን መንገድ አሳይ።

ስለ ሥራህ አልጠየቅክም፣ ግን ይቀራል። ያለ ማደንዘዣ ከተደረገ ግማሽ ሰዓት ሆድህ እስኪረጋ አረፍ ብለህ መሪ መያዝ ትችላለህ። የሚያስተኛ መርፌ ከተሰጠህ ግን 24 ሰዓት መኪና አትነካም፣ ነቅቻለሁ ብትልም አልነቃህም። ያን ቀን ሰው ይዘህ ሂድ፣ ሚኒባሱንም ለረዳትህ እንዳትሰጥ፣ ቤት አቁመው።